የሚጎተት ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ምክንያቱን ለይቶ የማስተካከያ መመሪያ

ኮምፒውተር መጎተት ሲጀምር አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ማፍጠኛ» የሚባል ፕሮግራም አውርዶ ይጭናል፣ ወይ ፎርማት ያስደርጋል። ማፍጠኛው ራሱ ሌላ ሸክም ሆኖ ቁጭ ይላል። ፎርማቱ ደግሞ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ያሻሽለውና ነገሩ ተመልሶ እዚያው ነው፤ የደከመ ሃርድ ዲስክም ሆነ ያነሰ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) በፎርማት አይድንምና። ስህተቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ሳይለካ ይነካል።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የሜኑ ስሞች እንግሊዝኛው ዊንዶውስ ላይ በሚነበቡበት አጠራር ተጽፈዋል። ከደረጃ 1 እና 2 በቀር ሁሉንም መሥራት አይጠበቅባችሁም፤ ደረጃ 2 ላይ የምታገኙት ቁጥር የትኛው ደረጃ የእናንተ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ እና ዳውንሎድስ ፎልደሮችን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ አውጡ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዴስክቶፕ ግን ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው፤ ሲ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ፋይል ከኤክስተርናሉ ላይ ከፍታችሁ እዩ። ኮፒው መሃል ላይ እየቆመ ፍጥነቱ በተደጋጋሚ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

2. ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ሰኩ። በባትሪ ላይ ያለ ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የምትለኩት ቁጥር ያሳስታችኋል።

3. ዲስኩ የተቆለፈ መሆኑን እዩ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ክፈቱ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው። «ኦን» ካለ ዲስካችሁ ያለ ቁልፍ አይነበብም። ባለ 48 አኃዝ የሪከቨሪ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገጽ ላይ ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለዚህ ቁልፍ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን መሠረታዊ ሶፍትዌር) የነካካ ወይም ዲስክ አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ የሰካ ሰው ፋይሉን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ቁልፉን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሴቭ ማድረግ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ቤት ውስጥ እንደመተው ነው።

4. ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ቁጥር ትመዘግባላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሪስታርት አድርጉ፤ ሻት ዳውን አይበቃም

«ማታ ማታ አጠፋዋለሁ» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር እስከበራ ድረስ ሻት ዳውን ስታደርጉ ዊንዶውስ የውስጥ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዲስክ ላይ አስቀምጦት በማግስቱ ያንኑ ያነሳዋል። የትናንቱ ችግር ዛሬም የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ዘግቶ ከዜሮ ይጀምራል።

1. ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጫኑ።
2. ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) የሚለውን ምረጡ።
3. ከግራፉ ሥር «አፕ ታይም» የሚለውን አንብቡ። ቁጥሩ በቀን፣ በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ተራ ነው የተቀመጠው። 12:04:31:10 ካለ ማሽኑ ለ12 ቀን አልተዘጋም ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ ሻት ዳውን ብታደርጉትም።
4. ሪስታርት አድርጉና አፕ ታይሙ ወደ ዜሮ መመለሱን እዩ።

*ሪስታርቱ ተንጠልጥሎ ከቀረ፦* ስክሪኑ ላይ አፕዴት እየሠራ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ካለ አትንኩት፤ ዘገምተኛ ዲስክ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጽሑፍም የዲስክ መብራትም ሳይኖር ግማሽ ሰዓት ካለፈ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ አጥፉት።

ሪስታርቱ ብቻውን ካስተካከለው እዚህ አቁሙ፤ በሳምንት አንዴ ሪስታርት ማድረግ ይበቃችኋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና የሚከብድ ከሆነ ግን ራም እየያዘ የማይለቅ ፕሮግራም አለ፤ ደረጃ 2ን መሥራት ያለባችሁ በከበደበት ሰዓት ነው።

ደረጃ 2፦ ለኩ

ቸኩሎ የሚለካ ሰው የተሳሳተ በሽታ ያክማል። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ በተለይ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ዲስክ 100 በመቶ መድረሱ የተለመደ ነው።

1. ሪስታርት አድርጉና 10 ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ጠብቁ።
2. ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፕሮሰስስ የሚለው ላይ ሁኑ። ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ከሚሉት በላይ ያሉትን መቶኛዎች ጻፉ።
3. አሁን በየቀኑ የምትሠሩበትን ሁሉ ክፈቱ፦ ብሮውዘሩን ከነታቦቹ፣ ወርዱን፣ ቴሌግራሙን። ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና ጻፉ።
4. ከፍ ያለው ዓምድ ራስጌ ላይ ክሊክ አድርጉ። ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስሙን ጻፉ።

አሁን ቁጥሩን አንብቡ። ሁልጊዜ ከሜሞሪ፣ ማለትም ከራሙ፣ ጀምሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ ይመልሳል፤ ስለዚህ ዲስኩም 100 በመቶ ይላል። ለምሳሌ ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ሜሞሪ 91፣ ዲስክ 100 ብታነቡ ጥፋተኛው ዲስኩ ላይሆን ይችላል። ጥቂት ታቦችን ዝጉ፤ ሜሞሪው ወደ 70 ሲወርድ ዲስኩም አብሮ ከወረደ ችግሩ ራም ነበር።

- ሥራችሁን ከፍታችሁ ሜሞሪ ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ፦ ደረጃ 3፣ ከዚያ ደረጃ 5።
- ሜሞሪ ሰፊ ሆኖ ዲስክ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፦ በሰከንድ የሚያስተላልፈውን ሜጋባይት እዩ። 80 ወይም 100 ሜጋባይት ከሆነ በእርግጥም ሥራ ላይ ነው፤ የትኛው ፕሮግራም እንደሚያሠራው ፈልጉ። 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ እያስተላለፈ 100 በመቶ ካለ ዲስኩ ደክሟል፤ ደረጃ 6።
- ሲፒዩ ከ90 በመቶ በላይ ከቆየ፦ የሚበላው የምታውቁት ፕሮግራም ከሆነ ዝጉት፤ የማታውቁት ከሆነ ደረጃ 8።
- ሦስቱም ዝቅ ብለው ማሽኑ ግን ከከበደ፦ ደረጃ 7።
- «ዚስ ፒሲ»ን ስትከፍቱ የሲ ድራይቭ መስመር ቀይ ከሆነ፦ ሌላው ቁጥር ምንም ይሁን ደረጃ 4ን ሥሩ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ሂዱ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የወርድ ፋይል ወይም ፎቶ ቶሎ እየተከፈተ ድረ ገጽ ብቻ የሚያስጠብቃችሁ ከሆነ የከበደው ኢንተርኔቱ ነው፤ ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም።

የማያስፈሩ ስሞች። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 በመቶ ሲል አትደንግጡ፤ ያ ሥራ ፈት የሆነው የሲፒዩ ድርሻ ነው። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል» የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ሲሆን ስካን ሲያደርግ ሲፒዩም ዲስክም ይበላል፤ ሲጨርስ ይለቃል። «ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር» አፕዴት እየጫነ ነው። እሱን አስገድዶ መዝጋት አፕዴቱን ግማሽ ላይ ያስቀረዋል። ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ እንዳይተኛ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጠዋት ጨርሶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱትን ቀንሱ

1. ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» ወይም «ስታርታፕ አፕስ» የሚለውን ክፈቱ።
2. «ስታርታፕ ኢምፓክት» የሚለውን ዓምድ እዩ። «ሃይ» ከሚሉት ጀምሩ።
3. የማትፈልጉትን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲሴብል» በሉ። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስትከፍቱት ብቻ እንዲነሳ ያደርገዋል።

ያለ ሥጋት የሚጠፉት፦ ቴሌግራም፣ የሙዚቃና የጌም ፕሮግራሞች፣ የስብሰባ ፕሮግራሞች፣ የፕሪንተር ማስታወቂያ የሚያወጡ መስኮቶች። እንደበሩ መተው ያለባቸው፦ ስማቸው ከታችፓድ፣ ከድምፅ ወይም ከ«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ጋር የተያያዙት። ዋንድራይቭን ካጠፋችሁ ፋይላችሁ ወደ ክላውድ መውጣት እንደሚያቆም እወቁ፤ ለባካፕ የምትተማመኑበት ከሆነ ተዉት።

ካጠፋችሁ በኋላ አንድ ነገር መሥራት ካቆመ ተመልሳችሁ «ኢኔብል» በሉት። በአንድ ጊዜ ከሦስት አራት በላይ አታጥፉ፤ የትኛው እንዳበላሸ መለየት ይቸግራችኋል።

ሁለት የተለያዩ አንቲቫይረስ ከጫናችሁ አንዱን ዛሬውኑ አንኢንስቶል አድርጉ። እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት ሁለቱም ስለሚፈትሹት ማሽኑ እጥፍ ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዴም አንዱ ሌላውን እንደ ቫይረስ ያየዋል።

ደረጃ 4፦ ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ አስለቅቁ

ከሲ ድራይቭ ቢያንስ 15 በመቶውን ባዶ አድርጋችሁ ያዙ። ቦታው በጣም ሲያንስ አፕዴት ሊወድቅ ይችላል፣ ዊንዶውስም ጊዜያዊ ፋይል የሚያስቀምጥበት ያጣል።

1. ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ክፈቱ። ቆጥሮ እስኪጨርስ ጠብቁ።
2. «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ተጫኑ።
3. ቁሙ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል አለ። ከሌላው ቆሻሻ ጋር አብሮ ስለተዘረዘረ የማያስፈልግ ነገር ይመስላል፤ ያወረዳችሁት ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ያለበት የራሳችሁ ፎልደር ነው። ምልክት አታድርጉበት። «ሁሉንም ምረጥ» ብሎ ያጠፋ ሰው ፋይሉን ሪሳይክል ቢን ውስጥም አያገኘውም።
4. ቴምፖራሪ ፋይልስ፣ የአፕዴት ትርፍራፊ፣ ተምኔልስ እና ሪሳይክል ቢን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሪሳይክል ቢኑን ግን መጀመሪያ ከፍታችሁ እዩት።
5. «ሪሙቭ ፋይልስ» በሉ።

ዝርዝሩ ላይ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስቶሌሽን» ከታየ ብዙ ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። ማጥፋት ይቻላል፤ ካጠፋችሁ ግን ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ አትችሉም። ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ቴሌግራም። ዴስክቶፑ ቴሌግራም የወረደውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም በሚጠራ ፎልደር ይሰበስባል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ የማይታይ ካሽ (ለጊዜው ያስቀመጣቸው ፋይሎች ክምችት) አለው። ፎልደሩን ክፈቱና በሳይዝ ደርድሩት፤ ትልልቆቹ ቪዲዮዎች አናት ላይ ይወጣሉ። ለካሹ ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ግቡና አጽዱ፤ እዚያው ከፍተኛውን መጠን መወሰን ይቻላል። ካሹ ቢጠፋ መልእክታችሁ አይጠፋም።

በእጅ የማይነኩ፦ ዊንዶውስ፣ ፕሮግራም ፋይልስ እና አፕዳታ የሚባሉት ፎልደሮች። ፕሮግራም ለማጥፋት ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ገብታችሁ አንኢንስቶል በሉ። ፎልደሩን መሰረዝ ፕሮግራሙን አያወጣውም፤ ቁርጥራጩን ትቶት ነው የሚሄደው።

*ብዙ ሰርዛችሁ ቦታው ካልጨመረ፦* ሪሳይክል ቢን አልጸዳም። ሌላው የተለመደ ስህተት ፋይሉን ወደ ዲ ድራይቭ ኮፒ አድርጎ ከሲ ላይ አለመሰረዝ ነው።

ደረጃ 5፦ ራም

መጀመሪያ ያለ ወጪ የሚሠራውን ሥሩ። ብሮውዘራችሁ ክሮም ወይም ኤጅ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ያለውን ሜሞሪ ቆጣቢ አብሩ፤ የማትነኳቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል። የማትጠቀሙበትን ኤክስቴንሽን አውጡ። ክሮም ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኤስኬፕ ብትጫኑ የብሮውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ የትኛው ታብ ስንት ሜጋባይት እንደያዘ በየስሙ ታያላችሁ።

ይህ ካልበቃ ራም መጨመር ነው። ዊንዶውስ 11 በትንሹ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በ4 ግን መነሳቱን እንጂ መሥራቱን አትጠብቁ። ለቤት ሥራ 8 ጊጋባይት ደህና ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ፦

1. ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን አንብቡ። «1 ኦፍ 2» ካለ ባዶ ቦታ አለ።
2. ዓይነቱን ለዩ፦ ዲዲአር 3፣ 4 ወይም 5። የአንዱ ሌላው ላይ አይገባም፤ ጥርሱ የተቆረጠበት ቦታ ይለያያል። በግድ አትግፉ።
3. የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፕ ራም ያጥራል። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም።
4. ሲስተም፣ አባውት ላይ «32 ቢት» የሚል ካያችሁ አቁሙ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም፤ 8 ብትገዙም አራቱ ተኝቶ ይቀራል። መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት፤ ይህ ደግሞ እንደገና መጫን ይጠይቃል።

ስትገጥሙ፦ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፍስሱ። ራሙን ከመያዛችሁ በፊት ብረት ነክታችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ቻርጅ አስወግዱ። የላፕቶፕ ራም በሰያፍ ይገባና ወደ ታች ሲጫኑት በሁለቱ ጎን ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል።

*ስታበሩት ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፦* አብዛኛውን ጊዜ ራሙ በደንብ ስላልገባ ነው። አጥፍታችሁ አውጡና እንደገና ክተቱት። አሁንም ካልሆነ አዲሱን ብቻ፣ ከዚያ አሮጌውን ብቻ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ጥፋተኛው ይለያል።

ፍጥነት ይጨምራል ተብሎ «ፔጂንግ ፋይል»ን (ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ፋይል) ማጥፋት የሚመከርበት ቦታ ብዙ ነው። አታድርጉት። ራም ሲሞላ ፕሮግራሞች ሴቭ ሳያደርጉ ይዘጋሉ።

ደረጃ 6፦ ዲስኩ ደክሟል ወይስ እየሞተ ነው?

ሁለቱ ይለያያሉ። የደከመ ዲስክ ያስጠብቃል፤ እየሞተ ያለ ዲስክ ፋይል ይዞ ይሄዳል።

የሚሞት ዲስክ ምልክቶች፦ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ አንድ ፎልደር ሲከፈት ብቻ ማሽኑ ስታክ ማድረግ፣ አልከፈት የሚሉ ፎቶዎች፣ ማሽኑ ሲነሳ በተደጋጋሚ ዲስክ መፈተሽ። አንዱን ካያችሁ ሌላ ሥራ የለም፤ ፋይል አውጡ። ከትልቁ ሳይሆን ከሚያስፈልጋችሁ ጀምሩ፤ የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ አስቀድሙ፣ ፊልም ይቆይ። አንድ ፋይል ላይ ከቆመ «ስኪፕ» በሉና እለፉ። በዚህ ጊዜ ዲስክ ቼክም ሆነ ዲፍራግመንት (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን አንድ ላይ መሰብሰብ) አታሠሩ፤ ሁለቱም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስነብቡታል፣ የቀረችውን ዕድሜም ይጨርሱታል።

ምልክት ከሌለ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ክፈቱ። ሰማያዊ «ጉድ» ደህና ነው። ቢጫ «ኮሽን» ፋይላችሁን አውጥታችሁ ምትክ ፈልጉ ማለት ነው። ቀዩን «ባድ» ስታዩ ዛሬውኑ አውጡ።

ጤነኛ ሆኖ ቀርፋፋ ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ «ኤችዲዲ» (የድሮው የሚሽከረከረው) ይላል ወይስ «ኤስኤስዲ» (የማይሽከረከረው ፈጣኑ)? ኤችዲዲ ካለ ከዚህ መመሪያ ሁሉ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱን በኤስኤስዲ መቀየር ነው። ራም ከመጨመርም ይበልጣል፤ ራሙ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጡ። ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ፦ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚያህለው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ እና ማስቲካ የሚመስለው ኤም ዶት 2። ኤም ዶት 2 ራሱ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ ተብሎ ይከፈላል፤ ቀዳዳው ላይ መግባቱ ብቻ ማሽናችሁ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሳታጣሩ አትግዙ።

ዊንዶውሱን እንዳለ ለማዛወር አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ማገናኛ ሰክታችሁ በክሎን ፕሮግራም ትገለብጣላችሁ። ምንጩንና መድረሻውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከተገለባበጠ ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ይጻፋል። አዲሱ ዲስክ ያላችሁን ዳታ የሚችል መጠን ሊኖረው ይገባል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥፉና መክፈቱን እስኪጨርስ ጠብቁ። አዲሱ በትክክል መነሳቱን ሳታዩ አሮጌውን ፎርማት አታድርጉ።

ኤስኤስዲ ላላችሁ፦ ዲፍራግመንት የሚያደርግ የውጭ ፕሮግራም አትጠቀሙ። የዊንዶውስ የራሱ «ኦፕቲማይዝ» ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን አውቆ ተገቢውን ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና ኃይል

ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ ላይ ሁለት ቁጥር አወዳድሩ፦ «ቤዝ ስፒድ» እና «ስፒድ»። ሥራ ላይ እያለ ቤዝ ስፒዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ሆኖ ስፒዱ 0.8 ላይ ከተጣበቀ ሲፒዩው ራሱን እያቀዘቀዘ ወይም ኃይል እያጣ ነው።

በመጀመሪያ ቀላሉን አጣሩ። ሴቲንግስ ውስጥ (ዊንዶውስ 10 ላይ የባትሪውን ምልክት ስትጫኑ) ያለውን ፓወር ሞድ ወደ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ቀይሩ። ካልተለወጠ ቻርጀሩን እዩ፤ አንዳንድ ላፕቶፖች የራሳቸው ያልሆነ ወይም አቅሙ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ጀርባው ላይ ያለውን የዋት ቁጥር ከዋናው ጋር አመሳክሩ።

ቀጥሎ አቧራ። ላፕቶፑ አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ የሚሠራ ከሆነ የሥሩ አየር ማስገቢያ ተደፍኗል።

1. አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።
2. በካቻቪቴ የሥር ክዳኑን ክፈቱ። ብሎኖቹ እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት ከላይ ያለውን ይበሳል። የወጡበትን ቦታ ወረቀት ላይ ሥላችሁ በየቦታቸው አስቀምጧቸው።
3. የማራገቢያውን ክንፍ በስቴኪኒ ያዙትና የታመቀ አየር በአጭር በአጭሩ ንፉ። ሳትይዙት ከነፋችሁ ከመጠን በላይ ተሽከርክሮ ይበላሻል።
4. ከማራገቢያው ፊት ያለውን የብረት ወንፊት እዩ። አቧራው እዚያ ላይ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ይገኛል፤ በለስላሳ ብሩሽ አንሱት።

የቤት ቫኪዩም አትጠቀሙ፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። አቧራው ወጥቶም የሚግል ከሆነ በሲፒዩውና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ነቅላችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ለጥገና ባለሙያ ስጡት።

ደረጃ 8፦ ቫይረስ

ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፤ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ። መጀመሪያ አፕዴት አድርጉት፣ ከዚያ «ፉል ስካን»። ያገኘውን አጥፍቶ ተመልሶ ከመጣ «ኦፍላይን ስካን» ምረጡ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ መደበቅ ይከብደዋል። ማሽኑ ራሱ ሪስታርት ስለሚያደርግ ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ስካኑ አልጀምር ካለ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» ተጫኑ፤ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ከዚያ 4 ቁጥርን። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ይነሳል። የጠረጠራችሁትን ፕሮግራም እዚያ ሆናችሁ አንኢንስቶል አድርጉ። ያለፈቃድ የተከፈተ ሶፍትዌር፣ «ክራክ» የሚባለው፣ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ሲፒዩ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ሌላ ተጠርጣሪ አትፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ሁሉም ካልሠራ ሪሴት

እዚህ የሚደርሰው ራሙ በቂ፣ ዲስኩ ጤነኛ፣ ሙቀቱ ደህና ሆኖ ዊንዶውሱ ራሱ የተበላሸበት ብቻ ነው። የኮፒያችሁን መኖር እንደገና አረጋግጡ፤ ቻርጀር ይሰካ።

1. ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»። ዊንዶውስ 10 ላይ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው።
2. «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የራሳችሁን ፎልደሮች ያስቀራል፣ የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች ግን ያጠፋል። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ስሙ እንደሚለው ነው።
3. «ሎካል ሪኢንስቶል» ማሽኑ ላይ ካለው ይጭናል። እሱ ከወደቀ «ክላውድ ዳውንሎድ» ምረጡ፤ ወደ 4 ጊጋባይት ያህል ኢንተርኔት ይወስዳል።

መሃል ላይ መቶኛው ለረጅም ጊዜ ባለበት ሊቆም ይችላል። አታጥፉት። ወድቆ «ለውጦቹን እየመለስኩ ነው» የሚል ካሳየ እስኪጨርስ ጠብቁና በሁለተኛው አማራጭ ድገሙት። ሁለቱም ከወደቁ ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወደ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ወደሆነ ፍላሽ አውርዳችሁ ከፍላሹ ጫኑ፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ።

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አብቅቷል። እንደ አዲስ የምትጭኑ ከሆነ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አስቀድማችሁ እዩ። ከተቀበለ ያንኑ ጫኑ፤ ሲነሳ ከፕሮግራም በፊት አፕዴቱን አስጨርሱ፣ ከዚያ ደረጃ 2ን ደግማችሁ አዲሱን ቁጥር ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት።